አልነሳም ያለው የዕድር ማሽን

ሰኞ ጠዋት ኮምቦልቻ እንደ ልማዷ ቆማ ጠበቀች። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ የመሣሪያዎች ማዕከል ለየቤቱ ዕቃ አፕዴት፣ የፕሮግራም ማደሻ፣ ይልካል። አፕዴቱ እስኪያልቅ ምድጃ አይሞቅም፣ ቧንቧ አይወርድም፣ የአንዳንዱ ሰው ቤትማ በሩም አይከፈትም። ስለዚህ ሰዉ በመስኮት ብቅ እያለ፣ "ምድጃሽ ተነሳ ወይ?" "ተመስገን፣ የናንተስ?" ይባባላል። "እንዴት አደራችሁ" የሚል ሰው ከጠፋ ቆየ። ምድጃው ያልተነሳለት፣ የተነሳለት ጎረቤቱ ዘንድ ገብቶ ቁርሱን ይበላል። ሰው የማይለምደው ምን አለ? ይኼንንም ለመደ።

አንሻ ይመር ምድጃዋ ተነስቶላታል። ያልተነሳላት ሌላ ነው።

አንሻ የሰፈሩ ዕድር የዕቃ ቤት ኃላፊ ናት። ድሮ የዕድር ዕቃ ቤት ማለት ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና ቃሬዛ ነበር። ዛሬም እነሱ አሉ፤ ድንኳኑ ተጣጥፎ ከተቀመጠበት ጎን ግን አንድ ነጭ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ቆሟል። ሆስፒታሎች ከሰባ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ሁሉ "ተጠባባቂ" ማለት ሲጀምሩ፣ ዕድርተኛው ተሰብስቦ "ሞተው ከምንቀብራቸው በሕይወት ሳሉ ብናጥባቸው ምን ይለናል?" አለና አዋጥቶ ገዛው። ማሽኑን አንሻ እንድትይዘው የተደረገው በምክንያት ነው። ወጣት ሳለች አዲስ አበባ ከርነል ስትጽፍ ኖራለች። ከርነል ማሽን ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው፣ ነቅቶም ሌላውን የሚቀሰቅሰው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ካልነቃ የሚነቃ የለም። ሥራው ሁሉ ተጠቃሎ ማዕከሉ እጅ ሲገባና "ከእንግዲህ ሰው አያስፈልገንም" ሲባል፣ አገሯ ተመልሳ የበርበሬ ወፍጮ ከፈተች።

ያን ሰኞ አንሻ የማሽኑን ማብሪያ ተጫነች። ቢጫው መብራት በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። አጥፍታ አበራች። ሶኬቱን ነቅላ ሰካች። መብራት፣ ማራገቢያ፣ ጥቁር ስክሪን።

"ምን ሆነ?" አሉ እማማ ጌጤ፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን አዘጋጅተው አልጋው ላይ እንደተቀመጡ።

"አልነሳም አለ።"

"እኔም ጠዋት ጠዋት እንደሱ ነኝ። አትጩሂበት፣ ቀስ ብለሽ ቀስቅሺው።"

እማማ ጌጤ አራጋው ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። የአንሻ እናት በወሊድ ስትሞት፣ ያኔ የራሳቸውን ሕፃን ያጠቡ የነበሩት ጎረቤቷ ጌጤ፣ ልጃቸውን በአንዱ ጡት አንሻን በሌላው ይዘው አሳደጓት። ክርስቲያኗ ሙስሊሟን አጠባች ብሎ የተገረመ አልነበረም፤ ወሎ ነዋ! አሁን ኩላሊታቸው ደክሟል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ካልታጠቡ ውሃው ሰውነታቸው ውስጥ ይቀራል። አንዱ ቀን ሲያልፍ እግራቸው ያብጣል፣ ሁለተኛው ሲያልፍ ትንፋሻቸው ያጥራል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንሻ ማሰብም አልፈለገች።

ወደ ማዕከሉ ደወለች። ደስ የሚል የሴት ድምፅ "ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው" አላት፣ ደግሞ አላት፣ ደጋግሞ አላት። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። መሣሪያው እስከ ዓርብ ቀትር ካልተነሳ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ወደ ማዕከሉ ይገባል፤ ሠራተኛ መጥቶ ይወስደዋል። ሕጉ አጭር ነበር። ማሽን ሲነሳ መጀመሪያ የባለቤቱን ስም ይጠራል፤ የጠራው ሰው ንብረት ነው። ያልተነሳ ማሽን የማንንም ስም አልጠራምና የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነ ደግሞ የማዕከሉ ነው።

የማዕከሉ ከሆነ እማማ ጌጤ ተጠባባቂ ናቸው። የተጠባባቂ ተራ ሲደርስ ያየ ሰው በኮምቦልቻ አልነበረም።

ማክሰኞ የዕድሩ ዳኛ ሐጂ ሙሄ መጡ፣ ጸሐፊው ደመላሽም ተከትሏቸው ገባ። ደመላሽ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊም እሱ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ወሬው ጥቂት። አንሻ ማሽኑን ገልብጣ ጀርባው ላይ ያለውን ቀይ ማኅተም አሳየቻቸው። "ይህን ማኅተም የነካ በሕግ ይጠየቃል" ይላል።

"ሳልከፍተው ምን እንደነካው ማወቅ አልችልም" አለች። "ከከፈትኩት ደግሞ እኔ ተጠያቂ ነኝ።"

ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። "የሚጠየቀው የነካው ነው?"

"የነካው።"

"እንግዲያው አብረን እንንካው። ደመላሽ፣ ጣትህን አምጣ።"

ሦስቱም በጣታቸው የማኅተሙን ጠርዝ ያዙ። እማማ ጌጤ ከአልጋቸው፣ "እኔንስ ማን ሰረዘኝ?" ብለው ሲቆጡ፣ ሦስቱ ማሽኑን ወደሳቸው አስጠጉላቸው። አራት እጅ አንድ ወረቀት ላጠ። "ሰፈሩን ይጠይቁ!" አሉ ሐጂ።

ስክሪን የሚነቃው ከከርነሉ በኋላ ነው። ከርነሉ ገና ዓይኑን ሲገልጥ ከወደቀ፣ ወደቅሁ ብሎ የሚናገርበት አፍ የለውም። ለእንዲህ ያለው ቀን ግን የጥንት ማሽን ሠሪዎች ማሽኑ ሆድ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ጥግ ላይ ሦስት ትንንሽ የብረት እግሮች ትተዋል። ሽቦ አስረህባቸው በሌላ ኮምፒውተር ካዳመጥክ፣ ከርነሉ በመጀመሪያ ትንፋሹ ያለውን ትሰማለህ። አንሻ ከወፍጮ ቤቷ በርበሬ የጠገበ አሮጌ ላፕቶፕ አምጥታ አሰረችው። ላፕቶፑ አንሻን ባስነጠሳት ቁጥር እማማ ጌጤ "ይማርሽ" እያሉ ሲስቁ ዋሉ።

ማሽኑ ግን ትንፍሽ አላለም። አዲሱ ከርነል አፉን ዘግቶ እንዲነሳ ተደርጓል። አፉን የሚያስከፍተው ትእዛዝ የሚጻፈው መነሻ መስመሩ ላይ ነው፤ ከርነሉ ሲነቃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፣ የባለቤቱ ስምም የሚሰፍረው እዚያው ነው። አንሻ ከስሙ ቀጥላ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ፣ "ከመጀመሪያው ጀምረህ ተናገር" የሚለውን ትእዛዝ ጨመረችና አበራች። ዝም። ትእዛዙን ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ ጻፈች። ዝም። ሽቦውን ቀየረች። ዝም። ማክሰኞ እንዲሁ አለቀ።

ረቡዕ የእማማ ጌጤ ቁርጭምጭሚት ጠፍቶ ነበር፤ እግራቸው ከጉልበት እስከ ጣት አንድ ሆኗል። ጫማቸው እምቢ ስላላቸው የሐጂን ነጠላ ጫማ አድርገው መጡ። አንሻ እግራቸውን አይታ ወደ ጓሮ ወጣች፣ እዚያም አለቀሰች። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበር። የምታውቀው ሥራ፣ እጇ የሚያውቀው፣ አንድ ትእዛዝ እንኳ አልሰማ ብሏታል። ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና፣ እንዲያው በእልህ፣ ያንኑ ትእዛዝ ከመጨረሻው አንስታ ከስሙ በፊት፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ጻፈችው።

ማሽኑ ተናገረ።

ሦስት አራት መስመር ነበር፤ ማስታወሻዬን ቆጠርኩ፣ ሰዓቴን አገኘሁ የመሰለ ነገር። ከዚያ የመጨረሻው መጣ፦

"ባለቤት፦ የቦርከና ማዶ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሙስሊምና ክር?"

እዚያ ላይ ቆመ።

"ክር ምን?" አሉ ሐጂ ሙሄ በትከሻዋ በኩል አጮልቀው።

"ክርስቲያን ሊል ነበር። እዚያ ላይ ታንቆ ቀረ።"

"በስማችን?"

አንሻ እያሰበች ነበር። ትእዛዙ መጨረሻው ላይ ሲሆን ያልሰማው፣ መጀመሪያው ላይ ሲሆን የሰማው፣ መስመሩን እስከ ዳር ስለማያነበው ነው። ቦታው አልቆበታል። የፈረንጅ ፊደል እዚያ ውስጥ አንድ ቦታ ይይዛል፤ የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት። አሮጌው ከርነል ለመነሻ መስመር ሰፊ ቦታ ነበረው፣ አዲሱ ግን አጥብቦታል። ስሙ ሲቆረጥ ደግሞ ፊደል መሀል ላይ ነው የተቆረጠው፣ አንድ ሦስተኛ "ስ" ቀርቶ። ከርነሉ ግማሽ ፊደል ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የቀረውን ሲጠብቅ ደረቀ።

የዕድሩ ሙሉ ስም እንዲህ ነው፦ የቦርከና ማዶ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሙስሊምና ክርስቲያን ነዋሪዎች የሐዘንና የደስታ መረዳጃ ዕድር። ማሽኑ የተገዛ ዕለት ሻጩ "ለምዝገባው አጠር ያለ ስም ስጡኝ" ቢል፣ ዕድርተኛው "ነዋሪዎች" ከሚለው አንዲት "ዎ" አትጎድልም ብሎ ድርቅ አለ። ሻጩም ስቆ ሁሉንም ጻፈው።

ከርነሉን ማንም ሰው ማንበብ ይችላል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚለው ጥንታዊ ሕግ እስካሁን አልተሻረም፤ የሚያነብ ስለሌለ መሻሩም አላስፈለገም። በአሮጌውና በአዲሱ መሀል ብዙ ሺህ ለውጥ ነበር። አንሻ የተበሳ ቧንቧ እንደሚፈልግ ሰው ሠራች፤ መሀሉ ላይ ዘጋች፣ ሞከረች፣ ከተነሳ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ፣ ካልተነሳ ከዚያ ወዲያ፤ ደግሞ የቀረውን ከመሀሉ። ለሙከራ የተነሳ ከርነል ስሙን ጠርቶ ይቆማል፤ የባለቤት ቁልፍ ካልገባበት እንደተነሳ አይቆጠርም፣ የደም ፓምፑንም አያዞርምና ሰው አይጎዳም፣ አይጠቅምምም። ሐሙስ ረፋድ ላይ እጇ ላይ አንዲት ለውጥ ቀረች። ማን እንደጻፋት አልታወቀም። ማብራሪያዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ "ጥቅም ላይ የማይውል ቦታ ተቀነሰ።"

"የማይውል!" አለች አንሻ ለብቻዋ። "እኛ ተኝተንበት የለም እንዴ!"

የማዕከሉ ሠራተኛ ያኔ ነው የገባው። ኢዮስያስ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የታረመ። የተከፈተውን ማሽን አየ፣ የተላጠውን ማኅተም አየ፣ አንዱንም አላነሳም። እማማ ጌጤን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

"ጥፋቱን አግኝቼዋለሁ" አለችው አንሻ። "ስማችንን ቆርጦት ነው። የእናንተ ለውጥ ነው የቆረጠው።"

"አዎ፣ ይታወቃል" አለ ኢዮስያስ በትሕትና።

"ይታወቃል?"

"ስማቸው ረጅም የሆነ ተቋማት ላይ ይታያል። ስማቸውን ያሳጠሩት ሁሉ ተነስቶላቸዋል።"

"ታዲያ ሰኞ ስደውል ለምን አልተነገረኝም?"

"ጥያቄዎ 'ለምን አልነሳም' የሚል ነበር። 'ስማችንን እናሳጥር ወይ' ብለው አልጠየቁም።"

ኢዮስያስ ከኪሱ አንድ ካርድ አወጣ። "አሁን ራሴ ላስገባው እችላለሁ። 'ቦ-ሰባት'። በአንድ ጊዜ ይነሳል።"

"ቦ-ሰባት ተብሎ ከተነሳ የማን ነው?"

"ቁጥር የሚሰጠው ማዕከሉ ስለሆነ፣ በምዝገባ ደረጃ የማዕከሉ ነው። አገልግሎቱ እዚሁ ይቀጥላል።" ወደ እማማ ጌጤ አየት አደረገ። "እናታችን በዕድሜ ተጠባባቂ ቢሆኑም፣ የዚህን ሳምንት እኔ አስፈቅዳለሁ። ዛሬውኑ ይታጠባሉ። ሐይቅ ከተማ ያለው የእናቴ ዕድርም አሳጥሯል፣ ምንም አልሆኑም።"

አንሻ ካርዱን አየችው። ያበጠውን እግር አየችው። ልቧ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ካርዱ ሄደ። ስም ምን ይሠራል? ዛሬ ታጥበው ዛሬ ቢተነፍሱ! እጇ ሊዘረጋ ሲል እማማ ጌጤ አዩዋት። የልጅ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ያጠባ ሰው ያውቃል።

"ልጄ" አሉ ኢዮስያስን፣ ለአንዷ ቃል አንድ ትንፋሽ እየከፈሉ፣ "የሚመጣውን ሳምንትስ ታስፈቅዳለህ?"

"እሱን... ቃል ልገባልዎ አልችልም።"

"ተባረክ፣ አልዋሸህም። እንግዲያው አንሹ፣ እጅሽን ሰብስቢ።"

ኢዮስያስ ነገ ቀትር ላይ መኪና ይዞ እንደሚመለስ ነግሯቸው፣ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ተሰናብቶ ወጣ።

ደመላሽ ጡሩምባውን ነፋ። የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ማን ሞተ?" እያለ ሰፈሩ ግር ብሎ መጣ። "ማንም አልሞተም፣ ተቀመጡ" አሉ ሐጂ፣ ነገሩንም አስረዱ። ከኋላ አንዱ ተነስቶ፣ "እማማን ከምናጣ ትንሽ ብንቀንስለትስ? ሰባት ቁጥርም እኮ ስም ነው" አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የጨነቀው ነው።

"ቀንስ እሺ" አሉት ሐጂ። "ከየቱ ትጀምራለህ?"

"ለምሳሌ 'የታች ሰፈር' የሚለው..."

"ምን?!" ብሎ የታች ሰፈር በሙሉ ተነሳ።

"እሺ 'ማዶ' ይውጣ።"

"ማዶ ከወጣ ከወንዙ ወዲያ ያሉትም ሊገቡበት ነዋ! እነሱ እኮ እድምተኛ ሆነው እንጂ ዕድርተኛ ሆነው አያውቁም!"

"ሙስሊምና ክርስቲያን የሚለውንስ? ነዋሪዎች ካልን እኮ..."

ያን ጊዜ ሁሉም አንድ ክፉ ዓመት ትዝ አላቸው። በዚያ ዓመት፣ ያኔ ለየብቻ የነበሩት የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ዕድሮች ተኳርፈው አንዱ የሌላውን ሬሳ አልሸኝም ያለበት ጊዜ ነበር። የታረቁት ቦርከና ድልድይ ላይ ቆመው ነው፤ ስሙንም ቃል በቃል ተከራክረው፣ እየተቆጡ፣ አንዳንዱም እያለቀሰ አወጡት። እያንዳንዷ ቃል የአንድ ሰው ናት። "የደስታ" የሚለውን እማማ ጌጤ ናቸው ያስገቡት። "ለሐዘን ብቻ ከሆነ እኔ አልገባም፤ አንዳንድ ጊዜም እንደሰት እንጂ" ብለው።

"አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያሉት ለቀልድ አይደለም" አሉ ሐጂ ሙሄ። "የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። የጎረቤታችን የታችኛው ከተማ ዕድር ስሙን በቁጥር ሲለውጥ ቅናሽ ተሰጠው ተብሎ እልል ተባለ። አሁን ማሽናቸው የት ነው? ሽማግሌዎቻቸውስ? እኛ አንልስም። አንሻ፣ ስሙ አይጠብም። ቤቱን ማስፋት ትችያለሽ ወይ?"

"እችላለሁ" አለች አንሻ። ስትናገረው ነው ያመነችው።

ቦታውን ወደ ነበረበት መለሰች፤ መልሳም አልቀረች፣ እጥፍ አደረገችው፣ ነገ ተጋብተው ስማቸው ለሚረዝም ዕድሮችም እንዲበቃ። ስም ቢቆረጥ እንኳ ፊደል መሀል ላይ እንዳይቆረጥ ጠባቂ አቆመችበት። አዲሱን ከርነል ሠርታ ለሙከራ አበራችው። አሁንም "ክር?" ብሎ ቆመ። ጸሐይ እየጠለቀች ነበር። አንሻ ጭንቅላቷን ይዛ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ በኋላም በራሷ ሳቀች። ያን የቦታ ልክ ሁለት ዘንድ ጽፈውታል፤ የሚቀበለው ዘንድና የሚገለብጠው ዘንድ። እሷ ያሰፋችው የሳሎኑን ነው፣ በሩ አሁንም ጠባብ ነው። በሩን አሰፋችው።

ዓርብ ጠዋት የቀረው የባለቤት ቁልፍ ነበር። የዕድር ሣጥን ድሮም ሦስት ቁልፍ ነው ያለው፤ ዳኛው አንድ፣ ጸሐፊው አንድ፣ ገንዘብ ያዡ አንድ፣ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ማሽኑ ሲገዛም የባለቤትነቱን ቁልፍ ለአንድ ሰው አንሰጥም ብለው ለሦስት አስከፋፍለውታል። አንዱ ሐጂ ዘንድ፣ አንዱ ደመላሽ ዘንድ ነው። ሦስተኛው ገንዘብ ያዥ የሆኑት እማማ ጌጤ አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጋር ታስሯል፤ እማማ ጌጤ ደግሞ ቤታቸው ተኝተዋል፣ መቀመጥም አቅቷቸዋል።

"ቁልፉን ሰጥቼሻለሁ፣ በጥሺና ውሰጂ" አሏት አንሻን።

"ማሽኑ እኮ እዚያ ነው እማ። እርስዎም ለመታጠብ መምጣት አለብዎ። የሰፈሩ መኪና ደግሞ የሰኞውን አፕዴት ገና አልጨረሰም፣ አልተነሳም።"

እማማ ጌጤ ጥቂት ተነፈሱ። "ቃሬዛው የለም እንዴ?"

"ኧረ እማ! ቃሬዛውማ..."

"ለሬሳ ነው ልትይኝ ነው? ዕድሜ ልኬን የከፈልኩበት ነው። እስክሞት ምን ያስጠብቀኛል!"

አራት ሰው ተሸከማቸው። መንገድ ዳር ያለው ሰው ቃሬዛ ሲያይ እንደ ወጉ ከተቀመጠበት ተነሳ፣ ቆቡን አወለቀ፣ አንዲት ሴት "እኔን!" ብላ ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳች። እማማ ጌጤ ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ ክንዳቸውን አውጥተው አወናጨፉ። "ገና ነኝ! ገና! ቆብህን አድርግ አንተ!" ልቅሶ ሊደርስ የተከተለው ሁሉ እየሳቀ ዕቃ ቤቱ ድረስ ሸኛቸው።

ኢዮስያስ ከነመኪናው ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። የሱ መኪና ሁልጊዜ ይነሳል። ሰዉን ሲያይ መንገድ ለቀቀ።

"አቶ ኢዮስያስ፣ ቀትር አልሆነም" አለችው አንሻ ስታልፍ።

"አልሆነም። ግን ያልተፈቀደ ከርነል መጫን..."

"ሕጉ 'በባለቤቱ ቁልፍ የተፈረመ' ነው የሚለው። አንብቤዋለሁ። እርስዎስ?"

ሐጂ ቁልፋቸውን ሰኩ። ደመላሽ ሰካ። እማማ ጌጤ ከቃሬዛው ላይ ሳይወርዱ፣ አንሻ ማሽኑን ዝቅ አድርጋላቸው፣ ማተባቸውን ሳይበጥሱ አንገታቸውን ወደ ማሽኑ አዘንብለው ሰኩት። ጣታቸው አብጦ ቁልፉ ተንሸራተተባቸው። አንሻ ልትረዳቸው ስትል "እኔው!" አሉ። በሁለተኛው ገባ።

አንሻ ማብሪያውን ተጫነች።

ቢጫ መብራት። ማራገቢያ። ጥቁር ስክሪን።

ማንም አልተነፈሰም። እማማ ጌጤ ብቻ፣ እሳቸውም በብዙ ድካም። አንሻ ዓይኗን ጨፈነች። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በእማማ ፊት ከወደቅሁ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ አለች በልቧ። ከዚያ ከጀርባዋ ደመላሽ፣ ያ ወሬው ጥቂት የሆነው ሰው፣ ማንበብ ጀመረ። "የቦርከና ማዶ..." ሌላው ተቀበለው፤ "የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር..." ዓይኗን ስትገልጥ ስክሪኑ ነጭ ነበር፣ ፊደሉ አንዱም ሳይጎድል። ቤቱ ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ "ሙስሊምና ክርስቲያን ነዋሪዎች" አለ፣ "የሐዘንና" አለ፣ "የደስታ" ሲል እማማ ጌጤም በቀረቻቸው ትንፋሽ ገቡበት። "መረዳጃ ዕድር!" እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። አንሻ መርፌውን አስገባች፣ ፓምፑም መዞር ጀመረ።

ውሃው ሲወጣ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ወጣ። ኢዮስያስ ግን አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ ስክሪኑን ያያል።

"መኪናው ባዶውን ሊመለስ ነው" አለችው አንሻ። "ለአለቆችዎ ምን ሊሉ ነው?"

"ተነሳ እላለሁ። የባለቤቱን ስም ጠርቶ ተነሳ።" ከዚያ ያ የታረመ አነጋገሩ ተሰነጠቀ። "እናቴ... ምንም አልሆኑም ያልኩሽ ውሸት ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዕድሯ ማሽን ከተሰረዘች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፣ ክኒን ብቻ ነው የሚሰጧት። የዕድሯ ሰዎች ቁልፋቸውን እስካሁን አልመለሱም፣ ሦስቱም አሉ። ይህ ያሰፋሽው... ለእነሱም ይሆናል?"

አንሻ አየችው። የትናንት ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ግን እናት ያለው ሰው ነው። ላፕቶፑን ወደሱ አዞረችው።

"ይሆናል። ለማንኛውም ዕድር ይሆናል። የእናትህ ዕድር ስሙ ማን ነው?"

"ሐ-አራት..."

"እሱን አይደለም።"

ኢዮስያስ አፉን ከፈተ። "የሐይቅ ዳር..." አለ። "የሐይቅ ዳር የእስጢፋኖስና የ... የ..." ቆመ። ግንባሩን አሸ።

"ያውልሽ፣ እሱም ታነቀ" አሉ እማማ ጌጤ ከአልጋቸው።

"ደውልላት" አለችው አንሻ።

ደወለ። እናቱ ከወዲያ ማዶ፣ ደክሟት፣ ግን አንዴም ሳትቆም መቁጠር ጀመረች። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ቃል በቃል እየደገመ ይናገራል፣ አንሻ ትጽፋለች። ረጅም ስም ነበር። ሐጂ ሙሄ ወንበር አቀረቡለት።